ኮምፒውተሬ «ተገናኝቷል» ይላል፣ የሒሳብ ፕሮግራማችን ፒችትሪ ግን ሰርቨሩን አያገኝም፤ የደመወዝ ሳምንት ላይ ነን

የሒሳብ መዝገብ
ማክሰኞ ጥቅምት 18 ቀን 2018፣ ጠዋት 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ደብረ ብርሃን ውስጥ ዘጠኝ ኮምፒውተር ባለው ድርጅት፣ ሒሳብ ክፍል ነው። የራሳችን የኮምፒውተር ባለሙያ የለንም። ሲበላሽ የምንጠራው ሰው አዲስ አበባ ነው ያለው፤ እስከ ሐሙስ መምጣት እንደማይችል ነግሮኛል። የ46 ሰው ደመወዝ ደግሞ ዓርብ መከፈል አለበት።

ዓርብ ማታ ኮምፒውተሬን በሰላም አጥፍቼ ወጣሁ። ሰኞ ጠዋት ስከፍተው ከታች በቀኝ ያለው ምልክት መገናኘቱን ያሳያል፤ ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ አጠገብ ያለችው አረንጓዴ መብራትም ብልጭ ድርግም ትላለች። ፒችትሪ ግን ሰርቨሩ (የድርጅቱ ፋይል የሚቀመጥበት ዋናው ኮምፒውተር) ላይ ያለውን የድርጅቱን ፋይል አላገኘሁም ይላል። ፕሪንተሩ አይታየኝም፣ ኢንተርኔትም የለም። አጠገቤ የተቀመጠችው ገንዘብ ያዥ ግን ሁሉም ይሠራላታል። ከሰዓት በኋላ የግዥ ክፍሉ ኮምፒውተር እንደ እኔው ሆነ። ኬብሌን ነቅዬ ሰካሁ፣ ኮምፒውተሩን አራት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁ፣ ከገንዘብ ያዧ ጋር ኬብል ተቀያየርኩ። ለውጥ የለም። ምን ላድርግ?

ፈጣን መልስ
ጠዋት 3፡18

ዊንዶውሱ ተበላሽቶ ነው። ፎርማት ያስደርጉት፣ በሁለት ሰዓት ያልቃል።

ሽቦ ዘርጊ
ጠዋት 3፡35

እህቴ፣ እባክዎ ፎርማት እንዳያስደርጉ። የሁለት ኮምፒውተር ዊንዶውስ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት መንገድ አይበላሽም። ይህ ምክር በየቦታው ሲሰጥ ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል፤ ኔትወርክ ጠፋ ተብሎ ኮምፒውተሩ ሲጸዳ፣ የሦስት ዓመት ሰነድ አብሮ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ኔትወርኩም በማግስቱ እንደጠፋ ነበር።

ኬብል ተቀያይረው ለውጥ ካልመጣ፣ መብራቷም ከበራች፣ ሽቦውን ለጊዜው እንተወው። ኮምፒውተርዎ ስለ ራሱ የሚያውቀውን ይንገረን። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና «አር» የሚለውን ፊደል አንድ ላይ ይጫኑ፤ በምትከፈተው ትንሽ ሳጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል «ሲኤምዲ» (cmd) ብለው ይጻፉና ኢንተር ይምቱ። ጥቁር መስኮት ይመጣል። እዚያ ላይ «አይፒኮንፊግ» ብለው፣ አንድ ክፍተት ትተው፣ ያዘነበለ ሰረዝና «ኦል» የሚለውን ቃል ይጻፉ (ipconfig /all)። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ እኔ የምፈልገው አራት መስመር ብቻ ነው፦ አይፒቪ4 አድራሻ (የኮምፒውተሩ ቁጥር)፣ ሰብኔት ማስክ፣ ዲፎልት ጌትዌይ (ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበት በር)፣ ዲኤችሲፒ ሰርቨር (ቁጥሩን ያደለው ዕቃ)። ከእርስዎም ከገንዘብ ያዧም ኮምፒውተር በወረቀት ጎን ለጎን ይገልብጡልን። ምንም አይቀይሩ፣ ማንበብ ብቻ።

ከአዳማ
ጠዋት 3፡50

ሽቦ ዘርጊ ያሉት ትክክል ነው። ቁጥሩ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ግን አትደንግጡ። ያ አድራሻ ኮምፒውተሩ ጠይቆ መልስ የሚሰጠው ሲያጣ ለራሱ የሚያወጣው ነው። እኛ ቢሮ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ይህ ያጋጥመን ነበር። መብራት ሲመጣ ሁሉም እኩል ይነሣል፤ ኮምፒውተሩ በግማሽ ደቂቃ ሲነሣ፣ ኢንተርኔት የሚያመጣውና አድራሻ የሚያድለው ራውተር ገና ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ ሲጣራ ራውተሩ አልነቃም። መፍትሔው ራውተሩንና ስዊቹን (የቢሮው ኬብሎች የሚሰኩበትን ሳጥን) ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ ላይ ማድረግ ነው። ሁለቱ የሚበሉት ኃይል ከአንድ አምፖል ብዙም አይበልጥም፤ ለኮምፒውተር አሥር ደቂቃ የማይቆይ ዩፒኤስ እነሱን ረጅም ጊዜ ይይዛቸዋል።

የሒሳብ መዝገብ
ጠዋት 4፡15

አመሰግናለሁ። ገልብጫለሁ።

የእኔ፦ አድራሻ 192.168.0.104፣ ማስክ 255.255.255.0፣ ጌትዌይ 192.168.0.1፣ ዲኤችሲፒ ሰርቨር 192.168.0.1።

የገንዘብ ያዧ፦ አድራሻ 192.168.1.112፣ ማስክ 255.255.255.0፣ ጌትዌይ 192.168.1.1፣ ዲኤችሲፒ ሰርቨር 192.168.1.1።

ልዩነቱ ከሦስተኛው ቦታ ላይ ነው፤ የእኔ 0፣ የእሷ 1። ይህ ነው?

አቋራጭ
ጠዋት 4፡22

አዎ ይኸው ነው። ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። የኔትወርክ ካርዱ ባሕርያት ውስጥ ገብተው፣ አድራሻ በራሱ ያግኝ የሚለውን ትተው፣ ቋሚ ቁጥር ይስጡት። ለምሳሌ 192.168.1.20፣ ማስኩ ያው፣ ጌትዌዩ 192.168.1.1። ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው) ላይ የጉግልን 8.8.8.8 ያድርጉ። በአምስት ደቂቃ ወደ ሥራዎ ይመለሳሉ።

የሒሳብ መዝገብ
ጠዋት 4፡41

ሠራ! ፒችትሪ ተከፈተ፣ ኢንተርኔትም መጣ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የደመወዝ ሰንጠረዡን ጀመርኩ።

የሒሳብ መዝገብ
ቀን 6፡05

ይቅርታ፣ ተመልሼ መጣሁ። የባሰ ነገር ሆነ። ለደመወዝ ዝርዝሩ ፕሪንተሩን ሲያበሩት ማንም ማተም አልቻለም። የገንዘብ ያዧም፣ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊም። ትናንት ለእኔ ብቻ ነበር፤ አሁን ለቢሮው ሁሉ ነው። የእኔ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ስለ አድራሻ ግጭት የሚናገር መልእክት ወጣ። እኔ የነካሁት ነው ያበላሸው?

ሽቦ ዘርጊ
ቀን 6፡20

አይጨነቁ፣ የተበላሸ ነገር የለም። የፕሪንተሩ ቋሚ ቁጥር 192.168.1.20 ሳይሆን አይቀርም። ጠዋት ቁጥሩን ሲወስዱ ፕሪንተሩ ጠፍቶ ስለነበር ይህ ቁጥር የእኔ ነው ብሎ የሚጮህ አልነበረም። አሁን ሁለቱም አንድ ቁጥር ይዘው ተቀምጠዋል። ለፕሪንተሩ የሚላከው ወረቀት እርስዎ ኮምፒውተር ደጃፍ ላይ ደርሶ ይቀራል። በፊት እንደነበረው አድራሻ በራሱ ያግኝ ወደሚለው ይመልሱት፣ ፕሪንተሩንም አጥፍተው ያብሩት፤ ይስተካከላል።

ለአቋራጭ ደግሞ አንድ ነገር ልናገር፤ በክፉ አይዩብኝ። ቋሚ ቁጥር ለሰርቨር፣ ለፕሪንተር፣ ለካሜራ መቅጃ የሚገባ ነገር ነው። የሚሰጠውም ማን ምን ቁጥር እንደያዘ የተጻፈበት ወረቀት ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው። ሳያዩ ቁጥር መስጠት የማያውቁትን ቤት ቁልፍ መቀየር ነው። ከሁሉም በላይ ዋናውን ጥያቄ ዘለነዋል። እህቴ የጻፉትን አራተኛ መስመር ተመልከቱ። ዲኤችሲፒ ሰርቨር 192.168.0.1። ይህ ቁጥር ከሰማይ አልወረደም። እዚያ ቢሮ ውስጥ አድራሻ የሚያድል፣ ማንም ያልሾመው ሌላ ዕቃ አለ። እሱ እስካለ ድረስ ነገ ሦስተኛው፣ ከነገ ወዲያ አራተኛው ኮምፒውተር ይከተላል።

አቋራጭ
ቀን 6፡31

ልክ ነዎት። ፕሪንተሩን አላሰብኩም፤ አራተኛውንም መስመር አላየሁትም። እህቴ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስዊች ጠባቂ
ቀን 7፡02

ለምን የእርስዎ ተነካ፣ የገንዘብ ያዧ ተረፈ የሚለውን ልግለጽ፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ሌላ ጊዜ በራሱ ያገኘዋል።

ኮምፒውተር ሲነሣ ወደ ኔትወርኩ ሁሉ ይጣራል፦ አድራሻ የሚሰጠኝ ማን ነው? የሰማ ዲኤችሲፒ ሁሉ ይህን ውሰድ ይለዋል። ኮምፒውተሩም ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የደረሰውን ይቀበላል። ዕውነተኛው ራውተር የትኛው እንደሆነ የሚለይበት መንገድ የለውም፣ አይጠይቅምም። ስለዚህ ሁለት አዳይ ካለ ነገሩ የእሽቅድምድም ጉዳይ ይሆናል፤ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን አይሠራም። ብዙ ሰው ኔትወርኩ ስሜት አለው የሚለው ለዚህ ነው።

የተሰጠው አድራሻ በውሰት ነው፣ ጊዜ አለው። የውሰቱ ጊዜ ሲጋመስ ኮምፒውተሩ የሰጠውን ራውተር ለይቶ አድስልኝ ይለዋል፤ ሁሉን አይጣራም። ገንዘብ ያዧ ኮምፒውተሯን ዓርብ ሳታጠፋ ሄዳ ከሆነ፣ ከድሮው ራውተር ጋር እየታደሰች ቆይታለች። እርስዎ አጥፍተው ሰኞ እንደ አዲስ ተጣሩ። እስኪ ጠይቋት።

አሁን የሚያደርጉት ቀላል ነገር፦ ኮምፒውተርዎ ያንን 0 ያለበትን አድራሻ እንደያዘ፣ በአሳሹ የአድራሻ መስመር ላይ 192.168.0.1 ብለው ይጻፉ። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ገጽ ይወጣል። አይግቡ። ገጹ ላይ የአምራቹ ስምና ብዙ ጊዜ የዕቃው ሞዴል ይታያል፤ ምን ዓይነት ዕቃ እንደምትፈልጉ ያሳውቃችኋል።

የሒሳብ መዝገብ
ከሰዓት 8፡10

ጠየቅኳት። ዓርብ አላጠፋችውም፤ ስክሪኑን ብቻ ነው ያጠፋችው! የግዥ ክፍሉ ደግሞ ሰኞ ከምሳ በኋላ ነው የገባውና ያበራው። ገጹም ወጣ። የዋይፋይ ራውተር ነው፣ ግን የእኛ ዋናው ራውተር ከሌላ አምራች ነው። ቢሮውን ዞርኩ፣ አላየሁትም። ቢሮው ሁለት ፎቅ ነው፣ ኬብሉም በጣሪያ ውስጥ ነው የሚሄደው። እንዴት ላግኘው?

ልዩ ጥያቄ
ከሰዓት 8፡25

በዚሁ ልጠይቅ፤ የእኔ ኬብል 100 ሜጋ ላይ ቀረ፣ 1000 አይልም። ስዊቹም ካርዱም 1000 ናቸው።

ሽቦ ዘርጊ
ከሰዓት 8፡40

ለልዩ ጥያቄ ባጭሩ፦ 100 በአራት ሽቦ ይሄዳል፤ 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛና 6ኛ። 1000 ስምንቱንም ይፈልጋል። ከቀሩት አራቱ አንዷ በጫፉ ውስጥ ሳትነካ አልቀረችም። ጫፉን ቆርጠው እንደገና ይምቱት፤ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን።

ወደ ደብረ ብርሃን ልመለስ። እህቴ፣ ይህን ሥራ ሁሉም ከወጣ በኋላ ወይም ጠዋት ሳይገቡ ያድርጉት። በመጀመሪያ ፒችትሪን በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ይዝጉና ባክአፕ ይውሰዱ፤ ፍላሽ ላይም አንድ ቅጂ ያስቀምጡ። ሰው እየመዘገበ ሳለ ኬብል ቢነቀል የሒሳቡ ፋይል ሊጎዳ ይችላል። ኔትወርክ ይጠገናል፣ የተጎዳ የሒሳብ ፋይል ግን እንቅልፍ ይነሣል።

ከዚያ ጥቁሩን መስኮት ከፍተው «ፒንግ 192.168.0.1» ብለው፣ ክፍተት ትተው፣ ሰረዝና «ቲ» ይጨምሩ (ping 192.168.0.1 -t)። ያ የማይታወቅ ዕቃ በየሰከንዱ መልስ ሲሰጥዎ መስመሮች ይወርዳሉ። አንድ ሰው ስዊቹ ጋ ይቁም፣ እርስዎ ስክሪኑ ጋ ይሁኑ፣ በስልክ ተገናኙ። የእርስዎን ኬብል ሳይነካ፣ ሌሎቹን አንድ በአንድ ይንቀል፤ አምስት ሰከንድ ይጠብቅ፤ መልሶ እዚያው ቀዳዳ ላይ ይስካ። መልሱ የተቋረጠበት ኬብል እሱ ነው። ሳይነቅል በፊት ስዊቹን በስልክ ፎቶ ያንሣው።

የሒሳብ መዝገብ
ረቡዕ ጥቅምት 19፣ ጠዋት 3፡05

አገኘነው!

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁ። ባክአፕ ወሰድኩ፣ ፍላሹንም ቦርሳዬ ውስጥ አደረግኩ። ስዊቹ ደረጃው ሥር ካለው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ የጥበቃ ሠራተኛችን ጋሼ በባትሪ እያበሩ ቆሙልኝ፣ እኔ ፎቅ ላይ ስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩ። «አንደኛውን ነቀልኩ» ይሉኛል በስልክ፤ መስመሩ ይወርዳል። «ልመልሰው?» ይመልሱት። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። ልቤ እየመታ ነበር። ሰባተኛው ላይ የሚወርደው መስመር ቀጥ አለና ጥያቄው መልስ አላገኘም የሚለው ዓረፍተ ነገር ወጣ። እንደገና፣ እንደገና። «ጋሼ፣ ይመልሱት» አልኩ፤ መለሱት፣ መልሱ መጣ። «ይንቀሉት»፤ ተቋረጠ። ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው።

ሰባተኛው ኬብል ላይ በእስክርቢቶ «አዳራሽ» የሚል የደበዘዘ ጽሑፍ አለ። የስብሰባ አዳራሹ መጋረጃ ጀርባ፣ መስኮቱ ሥር፣ ሁለት አንቴና ያላት ነጭ ራውተር መብራቷን እያበራች ተቀምጣለች። ቅዳሜ እዚያ ሥልጠና ነበር፤ ለእንግዶቹ ዋይፋይ እንዲሆን ከባልደረቦቻችን አንዱ ከቤቱ አምጥቶ የሰካት ነው። ጠየቅኩት። «በስልኬ ሞክሬው ሠርቷል» አለኝ። ለእንግዶቹ ግን ለግማሹ ሠርቶ ለግማሹ አልሠራም ነበር። በክፋት አይደለም፤ እንግዳ ለማስተናገድ ነው ያደረገው።

ነቅለን፣ የእኔንና የግዥውን አጥፍተን ስናበራ ሁለቱም 192.168.1 ያለበትን አገኙ። ፒችትሪ ተከፈተ፣ ፕሪንተሩም አተመ። ግን አሁን ሥራ አስኪያጁ አዳራሹ ላይ ዋይፋይ ይኑር ብለዋል። ያችኑ ራውተር በትክክል መጠቀም ይቻላል?

ስዊች ጠባቂ
ጠዋት 3፡30

እጅግ ደስ ብሎኛል! የባልደረባዎ ስልክ የሠራው በእሽቅድምድሙ ዋናው ራውተር ቀድሞ ስለመለሰለት ነው። ለግማሾቹ እንግዶች ያልሠራውም ትንሿ ስለቀደመች ነው፤ እሷ ደግሞ ከኢንተርኔት ጋር አልተገናኘችም።

ይቻላል። ኬብሉ የተሰካው አራቱ ተመሳሳይ ቀዳዳዎች ላይ ይሆናል፤ ለብቻው በሌላ ቀለም ያለው ቀዳዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። መሰኪያውን ወደዚያ ይቀይሩት። ራውተሯ አድራሻ የምታድለው ለራሷ ዋይፋይ ብቻ ይሆናል።

ሽቦ ዘርጊ
ጠዋት 3፡48

እዚህ ላይ ከስዊች ጠባቂ በትንሹ እለያለሁ። እንዳለው ቢያደርጉት ግጭቱ ይጠፋል። ግን በአዳራሹ ዋይፋይ የገባ እንግዳ፣ በራውተሯ በኩል አልፎ የቢሮውን ሰርቨርና ፕሪንተር መድረስ ይችላል። ብዙ ሰው ቀዳዳውን ስለቀየረ እንግዳውን ከቢሮው የለየ ይመስለዋል፤ በዚያ አቅጣጫ ግድግዳ የለም። ሠራተኞች ብቻ የሚጠቀሙበት ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ ይሻላል፦ ዲኤችሲፒውን አጥፍቶ፣ የራሷን ቁጥር ማንም ያልያዘውን ለምሳሌ 192.168.1.2 አድርጎ፣ ከአራቱ ቀዳዳዎች በአንዱ መሰካት። ያን ጊዜ ሁሉም ከዋናው ራውተር አድራሻ ይቀበላል፣ ከስልክም ፕሪንተሩ ላይ ማተም ይቻላል።

ለእንግዳ ከሆነ ዋናው ራውተር ላይ የእንግዳ ዋይፋይ የሚል ምርጫ መኖሩን ሐሙስ የሚመጣውን ባለሙያ ይጠይቁት። በየትኛውም መንገድ፣ ፋብሪካው የሰጣትን የይለፍ ቃል ሳይቀይሩ አይስኳት። ፒችትሪ ውስጥ የ46 ሰው ደመወዝ አለ።

ስዊች ጠባቂ
ጠዋት 3፡55

ልክ ነው፣ እንግዳው ወደ ቢሮው ማለፍ መቻሉን መጥቀስ ነበረብኝ። ለባለሙያው ይህንም ይንገሩት፦ አዲስ ስዊች ከተገዛ፣ ከአንድ ከተፈቀደ ቀዳዳ በቀር አድራሻ ማደልን የሚከለክል ዓይነት አለ። ስሙ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ ነው። ዋጋው ከተራው ስዊች ይበልጣል።

የሒሳብ መዝገብ
ከሰዓት 9፡20

እስኪመጣ ድረስ ራውተሯ መሳቢያዬ ውስጥ ተቆልፋለች። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። የመዝገብ ቤቷ ኮምፒውተር ሌላ ነው። አድራሻው ትክክል 192.168.1.118 ነው፣ ፒንግ 8.8.8.8 ይመልሳል፣ ሰርቨሩን ታገኛለች። ድረ ገጽ ግን አንድም አይከፈትም፤ ሁሉም ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም ይላል። እሷ እንደምትለው ከራውተሯም በፊት ነበር።

ከአዳማ
ከሰዓት 9፡34

ቀኑን አይተውታል? ከታች በቀኝ ያለውን ዓመተ ምሕረት ይዩ።

የሒሳብ መዝገብ
ከሰዓት 9፡41

19/2/2018 ይላል! ትናንት እሷው አስተካከለችው፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ቀኑን እየረሳ ስላስቸገራት በየጊዜው በእጇ ታስተካክለዋለች።

ከአዳማ
ከሰዓት 9፡58

እሷ ያስገባችው ትክክለኛውን የእኛን ቀን ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚያነበው፣ ስለዚህ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄዷል። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያሳዩበት የምስክር ወረቀት ከዚህ እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል ጊዜ አለው። ኮምፒውተሩ 2018 ላይ ነኝ ሲል፣ በ2025 የተሰጠ የምስክር ወረቀት ገና ያልተወለደ ይሆንበታል። ፒንግ ቀን ስለማይጠይቅ ሠራ።

ቀኑን በፈረንጅ ያስተካክሉ። የሰዓት ቀጠናውን ደግሞ ናይሮቢ የሚለውን ይምረጡ፤ ዊንዶውስ ላይ የእኛ ሰዓት እሱ ነው። ሰዓቱንም ቢሆን በእኛ 10 ሰዓት ሳይሆን ከሰዓት 4 ብለው ያስገቡ። ቀኑን የሚረሳው የእናት ሰሌዳው ባትሪ ስለሞተ ነው፤ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች፣ 2032 የሚል የተጻፈባት ናት። የሰዓት ጠጋኞች ዘንድ ትገኛለች። ኮምፒውተሩን ከመሰኪያው ነቅለው ነው የሚቀይሯት። መዝገብ ቤቷን ግን ማንም እንዳይወቅሳት፤ የቀን መቁጠሪያዋ ላይ ያለውን ነው የጻፈችው።

የሒሳብ መዝገብ
ሐሙስ ጥቅምት 20፣ ጠዋት 4፡30

ባትሪዋን ጋሼ ከገበያ አምጥተውልን ባለሙያው ዛሬ ቀየራት። መዝገብ ቤቷ ደብዳቤዋን በኢሜይል እየላከች ነው።

ባለሙያው ይህን ክር ከላይ እስከ ታች አነበበው። ራውተሯን ሽቦ ዘርጊ እንዳሉት ዲኤችሲፒዋን አጥፍቶ ለሠራተኛ ሰካት፤ ለእንግዳ ደግሞ ዋናው ላይ ለየልን። ስዊቹ ላይ ያሉትን ኬብሎች አንድ በአንድ አብረን ቁጥር ለጠፍንባቸው፤ ማን ምን አድራሻ እንደያዘም በአንድ ወረቀት ጽፈን ቁም ሳጥኑ በር ውስጠኛው ገጽ ላይ አጣበቅነው። ሰርቨር 10፣ ፕሪንተር 20፣ አዳራሽ 2።

ከአንድ ሰዓት በፊት መብራት ጠፍቶ መጣ። ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ አራተኛዋን መስመር አየሁ። 192.168.1.1። የደመወዝ ዝርዝሩ ታትሞ ለፊርማ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ነው።